ግንቦት ላይ የሚበጠስ ጸጉር

ጥቅምት 29 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጉርድ ሾላ

ለተከበሩ ጓድ ነህምያ ማሞ
የበግ ዘር ማሻሻያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፣ የማኅበራችን የበላይ ጠባቂና የሂስ ሰሌዳችን መራቂ
ባሉበት

ክቡር ጓድ፣

አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። በመስከረሙ ጉብኝት ዕለት ይዞዎት የነበረው ጉንፋን ለቆዎት፣ የጥቅምት ብርድም ሳይደፍርዎ፣ ሌሊቱን ሞቅ ብሎዎት እያደሩ እንደሆነ ከልቤ አምናለሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የበግ ጸጉር የፈተልሁ፣ አሁንም በጉርድ ሾላ የብርድ ልብስ ሠሪዎች ማኅበር የፈታዮች ተጠሪ የሆንሁ ጥሩነሽ ገሰሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እግዚአብሔር ያልሁት ከልማድ አምልጦኝ ነውና ለውይይት ክበቡ እንዳይነገርብኝ እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመለጠፍ የደፈርሁት እርስዎ ራስዎ ስላዘዙን ነው። በሐምሌ ወር ሰሌዳውን መርቀው ሲከፍቱ፣ ሂስ የሚፈራ መሪ የሰፊው ሕዝብ መሪ ሊሆን አይችልም፣ ጻፉ፣ ስማችሁንም አትደብቁ ብለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ የሚታየው የእርስዎ ንግግር ብቻ ስለሆነ፣ ብቻውን እንዳይሰለቸው ጎረቤት ላመጣለት ወደድሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በምስክር ወረቀቴ ላይ ያለውም ፊርማ የእርስዎ ነው። አጻጻፉን ያገኘሁት ግን ከሟቹ ባለቤቴ ነው፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ተክለው ለተበደለ ሁሉ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ማታ እራት ሲበሉ የጻፉትን በቃላቸው ይሉልኝ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ቢከፋዎ የጥፋቱን እኩሌታ ለዘመቻው፣ እኩሌታውን ለሟች ያድርጉልኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የማኅበራችን ጸጉር መራጭ ጋሽ ገብረእዝጊ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ከመስከረም 7 ቀን ጀምሮ በቀበሌው እስር ቤት ታስረዋል፤ ዛሬ ሃምሳ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። እንዲፈቱልን እለምንዎታለሁ። ልመናዬ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያነብ ሁሉ እንዲገባው፣ ለእርስዎ ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ አውራ በጎች አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት እነዚያ በጎች ከወዳጅ አገር በአውሮፕላን ተጭነው ቦሌ ሲያርፉ፣ እኛ የማኅበሩ አባላት ሥራ አቁመን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሰልፍ ቆመን እንድንቀበላቸው አድርገውናል። አውሮፕላን በቅርብ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ስለሆነ ውለታዎን አልረሳም። የማርሽ ባንዱ ከበሮ ሲመታ በጎቹ ደንግጠው ምንጣፉን ሲያረክሱት፣ እርስዎ ንግግርዎን ሳያቋርጡ መቀጠልዎ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የአገራችን በግ ኋላ ቀር ነው፣ ከእነዚህ የሚወለደው ግን እጥፍ ጸጉር ይሰጣል አሉን። ጋሽ ገብረእዝጊ አጠገቤ ነበሩ። ወደ አንዱ በግ ጠጋ ብለው የጎኑን ጸጉር በሁለት አውራ ጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው ካዩ በኋላ፣ «ጸጉሩስ ግሩም ነው ጥሩዬ፤ ግን ይህን ሁሉ የሚያበቅለው በሆዱ ነው። የሚያበላው ካለ» አሉኝ። እውነትም ክልሶቹ ሲወለዱ ጸጉራቸው ረጅምና ለስላሳ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ስንፈትለው እጃችን ላይ እንደ ቅቤ ነበር፤ ይህን አልክድም፤ ደስ ብሎን ነበር።

ሁለተኛ፣ የዘመን አቆጣጠራችንን ስላሻሻሉልን አመሰግናለሁ። እርስዎ ወደ ጣቢያው ከመምጣትዎ በፊት በጉን የምናሸልተው በሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ይህም ስንፍና አልነበረም። ጋሽ ገብረእዝጊ ለእያንዳንዷ አዲስ ፈታይ እንደሚያስረዱት፣ የበግ ጸጉር ሣር ባለበት ወራት ወፍሮ ያድጋል፤ ከጥር ወዲያ ሣር ሲጠፋ እያደገም ይቀጥናል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግንቦት ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሸለቱት የቀጠነው ክፍል ከሥሩ ጫፍ ላይ ስለሚሆን ፈትሉን አይጎዳም፤ በጉም ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ወር አግኝቶ ልብሱን ያበቅላል። ሳይሸለት ግንቦትን አልፎ ክረምት ከገባ ግን ያ ቀጭን ቦታ በጸጉሩ መሃል ይቀራል፤ ላዩም ታቹም ወፍራም ቢሆን ሲስቡት እዚያው ላይ ሁለት ይሆናል። እርስዎ ግን በ1976 ሚያዝያ አንድም በግ እንዳይነካ አዘዙ፤ ጸጉሩ እስከ ነሐሴ ቢቆይ ይረዝማል፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽንም ትኩስ ይደርሳል ተባለ። ጋሽ ገብረእዝጊ ይህን ነገር ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብለው ተመልሰዋል። በሦስተኛው ጊዜ ስብሰባው ምሳ መሆኑን በመስኮት አይተዋል።

ሦስተኛውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ መጀመሪያ ሌላውን ልጨርስ።

አራተኛ፣ ስለ ፋጉሎው። ባለፈው ዓመት የበልግ ዝናብ እንደቀረ እርስዎም ያውቃሉ፤ በሬዲዮ ባይነገርም ሰማዩን ሁላችንም አይተነዋል። ለጣቢያው በጎች መኖ የተመደበው የኑግ ፋጉሎ ግን አልቀረም፤ መጥቷል። መጥቶም እንግዳ የሚጎበኛቸው አሥራ ሁለቱ አውራ በጎች ብቻ በሉት፤ እነሱም ከመወፈራቸው የተነሣ መራመድ አቅቷቸው በጎናቸው ተኝተው እንደሚያመነዥኩ አይተናል። ሁለት መቶ አሥሩ ክልሶች የተሰጣቸው የገብስ ገለባ ነበር፤ ግንቦት ላይ እሱም አለቀ። ዋቅቶላ የሚባሉት የጣቢያው በግ ጠባቂ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ሜዳ ላይ ከከብት ጋር የኖሩ ሰው፣ በጎቹ አፈር መላስ ጀምረዋል ብለው ሪፖርት ሊያደርጉ ቢመጡ፣ እርስዎ በዚህ ጣቢያ ርሀብ የሚባል ነገር የለም፣ ቃሉም በሪፖርት ላይ እንዳይጻፍ ብለው መለሷቸው። ዋቅቶላም መጻፍ ስለማይችሉ ትእዛዝዎን ለማክበር አልተቸገሩም። በጎቹ ግን ማንበብ ስለማይችሉ መራባቸውን ቀጠሉ።

አምስተኛ፣ ነሐሴ 12 ቀን ስለተደረገው ሽልታ። ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ነበር። ሁለት መቶ አሥር በግ በጭቃ ውስጥ እየተጎተተ ተሸለተ፤ ጸጉሩም ከነዝናቡ፣ ከነጭቃውና ከነበጠጡ ሚዛን ላይ ወጣ። ምርቱ በእጥፍ አደገ ተብሎ የተጨበጨበለት ያ ነው። እኛ ሴቶቹ ከዚያ ጆንያ ውስጥ የበግ በጠጥ በእጃችን ስንለቅም፣ ስናጥብ፣ ስንነድፍ፣ ስንፈትል ሰነበትን፤ ፈትሉ በየክንዱ ይበጠሳል፣ እንቀጥላለን፣ ይበጠሳል። እንዝርት ይዤ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰማንያ ብርድ ልብስ በቀነ ገደቡ ደረሰልዎ።

ራቁታቸውን የቀሩት በጎች ደግሞ ክረምቱን አልቻሉትም። እየተደጋገፉ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ጥርሳቸው ሲጋጭ ከመንገዱ ላይ ይሰማ ነበር። እስከ መስከረም መባቻ ሃምሳ አራቱ ሞቱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ገብቶዎት ነው መሰለኝ፣ የመስከረሙ ጉብኝት እንግዶች እስኪመጡ የተረፉትን ለማትረፍ አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ ሰማንያውን የኤግዚቢሽን ብርድ ልብስ በጎቹ ጀርባ ላይ እንድናስር አዘዙን። ክቡር ጓድ፣ ከበግ ላይ የወሰድነውን ጸጉር አጥበን፣ ፈትለን፣ ሸምነን፣ መልሰን በጉ ላይ በገመድ አሰርነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአዳም ጀምሮ ተደርጎ እንደሆነ አላውቅም። ብርድ ልብሱ በበዓሉ ማግስት ተፈቶ፣ በዱላ ተራግፎ፣ የበጎቹ ሽንት እንደ ነከረው በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ተሰቀለ፤ ከላዩም በቀይ ጨርቅ ላይ «የአብዮቱ ፍሬ» ተብሎ ተጻፈበት። ሽታውን ለመሸፈን ያስረጩት ሽቶ ከሽንቱ ጋር ሲቀላቀል የሰጠው መዓዛ እስከ አሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ። የመስከረም 5 ጉብኝት ዋዜማ ሌሊቱን ሰባት በጎች ሞተው አደሩ። ያን ዕለት ጠዋት ለእንግዶቹ ምሳ ወጥ እንድትሠራ የታዘዘችው የማኅበራችን አባል ሰኪና ናት። ሰኪና ወደ ጓሮ ስትወጣ ያየችው፣ የደረቁት ሰባት በጎች በተራ ተጋድመው አንገታቸው ላይ ቢላዋ ሲያልፍባቸው ነው። ደም አልወጣም። የሞተ ይታረዳል ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ በመዝገብ ላይ ለመስተንግዶ የታረደ ተብሎ መጻፍ ስላለበት ነው አሏት አራጆቹ። ሰኪና ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በብዙ ነገር እንለያያለን፤ በክት ግን በሁለታችንም ቤት በክት ነው፤ ውሻ እንጂ ሰው አይበላውም። እሷ ድስቱን አልነካም ብላ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ስትወጣ ሥራ በመልቀቅ ተከሰሰች፤ ወጡን ሌላ ሰው ሠራው። እርስዎና እንግዶችዎ በላችሁት። በመስኮት እያየሁ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጨልፉም አይቻለሁ። ክቡር ጓድ፣ ከልቤ የምናገር ከሆነ በዚያ ቀን የተጸየፍሁት ሥጋውን ብቻ አልነበረም። እግዜር ይይልዎት፣ ከዚያ ወዲህ የበግ ሥጋ አልቀመስሁም።

ከምሳ በኋላ የሆነውን ቁጥር አልሰጠውም፤ እሱ ምስጋና አይደለም።

እንግዶቹ አዳራሹን ሲጎበኙ አንዲት ወይዘሮ ከተሰቀለው ብርድ ልብስ አንዱን ጠርዙን ይዘው ወደ ብርሃኑ ሳብ ቢያደርጉት፣ እንደ ርጥብ ወረቀት ከመሃሉ ተቀደደ። ሽታውም ያን ጊዜ ወጣ። ወይዘሮዋ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ቆመው ቀሩ። እርስዎ ወዲያው ፊትዎን ወደ እኛ አዞሩ፤ አሥራ አንድ ፈታዮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረን ነበር። ፈትሉ ላይ አሻጥር እንደተሠራ፣ በመካከላችንም የሕዝብ ጠላት እንደተሰገሰገ ገለጹ፤ የባለሙያ ምስክርነት እንዲሰጡም ጋሽ ገብረእዝጊን ወደ ፊት ጠሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን ነው። ከአሥራ አንዳችን ስምንታችን ልጆች አሉን። አንዲቱ እርጉዝ ነበረች። ጋሽ ገብረእዝጊ አዎ ፈታዮቹ ናቸው ቢሉ ኖሮ እሳቸው ከነክብራቸው ቤታቸው ያድሩ ነበር፤ እኛ ግን የት እንደምናድር እርስዎ ያውቃሉ።

እሳቸው ወደ ፊት ወጡ። ከኪሳቸው ከዚያው ሽልታ የያዙትን አንድ ዘለላ ጸጉር አወጡ፤ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነጠቅ አደረጉት። ደኅና ጸጉር እንደዚያ ሲያደርጉት እንደ ክራር ክር ቅጭል ይላል። ይኸኛው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸና ሁለት ሆነ። ሁለቱን ቁራጭ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ለእንግዶቹ እያሳዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ይህን ተናገሩ፦ «ከዚህ ጫፍ እስከዚህ የካቻምናው ክረምት ነው፤ በጉ ጠግቦ ነበር። ይሄ ጥር ነው፣ ይሄ መጋቢት። የተበጠሰው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ርቧቸው ነበር። ፈታዮቹ ምንም አላጠፉም፤ ይህን ማንም ሊፈትለው አይችልም።»

ርቧቸው ነበር የሚለው ቃል በእንግዳ ፊት በመነገሩ ፊትዎ እንዴት እንደ ተለወጠ ከጥጉ ሆኜ አየሁ። ሰኞ ጠዋት የአብዮት ጥበቃ አባላት መጥተው ወሰዷቸው። ለእኛ ለአሥራ አንዳችን ግን አንድም ቀን ጥያቄ አልቀረበልንም፤ ስለዚህ የተናገሩት እውነት መሆኑን መሥሪያ ቤትዎ ሳያምንበት አልቀረም። የታሰሩት ስለዋሹ ቢሆን ኖሮ እኛ አብረናቸው ነበርን።

ክቡር ጓድ፣ እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም። ስለ አገሩ ርሀብ ሊነግሩኝም ሊከለክሉኝም ይችላሉ፤ በጣቢያዎ ስለነበረው ግን ምስክር አለኝ፤ ምስክሬም አይታሰርም። በዚህ ደብዳቤ ግርጌ ከነሐሴው ሽልታ የወሰድሁትን አንድ እፍኝ ጸጉር በሚስማር አያይዣለሁ። ቆሞ የሚያነብ ሁሉ አንዳንድ ዘለላ እየመዘዘ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይሳበው። ጫፉ ላይ ከተበጠሰ ጋሽ ገብረእዝጊ አሻጥረኛ ናቸው፤ መሃሉ ላይ ከተበጠሰ ይፈቱልን። ደብዳቤውን ሲያስነሡት ጸጉሩን ለሌላ ሰው እንዲተዉልን እለምናለሁ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ አመጣለሁ፤ በጆንያ አለ።

ልጃቸው ሣባ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኙ፣ በዚህ ሳምንት ሳል እንደ ጀመራቸው፣ ስለ በጎቹ ግን እንደሚጠይቋት ነግራናለች። ስንት ተረፉ ይላሉ። ሠላሳ ሁለቱ ብቻ መቅረታቸውን አልነገረቻቸውም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ወይም ጸሐፊዎ አንብቦ በአጭሩ ስለነገርዎ፣ ውለታዎን ከማልረሳቸው ነገሮች ሁሉ ጋር አብሬ አኖረዋለሁ። ፊደል ያስተማሩኝ፣ አውሮፕላን ያሳዩኝ፣ ብርድ ልብስ ለበግ ማልበስን ያስለመዱኝ ክቡር ጓድ፣ ለሰፊው ሕዝብ የደከሙትን ያህል ሰፊው ሕዝብም አንድ ቀን እንዲያርፍልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የማኅበሩ ፈታዮች ተጠሪ
ጥሩነሽ ገሰሰ
(ስሜን እንዳልደብቅ በታዘዝሁት መሠረት)

ማስታወሻ፦ ጥቅምት 3 ቀን ሾፌርዎ ወደ ማኅበራችን መጥቶ ነበር። ለእርስዎ አልጋ የተላከው የተሻሻለው ብርድ ልብስ በሁለት ሌሊት ስለተቀደደ፣ በምትኩ «ከድሮው፣ ከሚያዝያው» አንድ እንድንሰጠው ጠይቆ፣ ለማንም እንዳንናገር አሳስቦን ወስዷል። ስለዚህ የትኛው ጸጉር እንደሚበጠስ፣ ለምን እንደሚበጠስም ከእኛ እኩል ያውቃሉ ማለት ነው። የወሰዱትን የሸመንነው ጋሽ ገብረእዝጊ ከመታሰራቸው በፊት በእጃቸው መርጠው ካስቀመጡት ጸጉር ነው፤ ዕድሜዎን ሙሉ ያሞቅዎታል። ከዚያው ፈትል የተሠራ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ነበረን፤ ሣባ ለአባቷ ብትወስደው የቀበሌው ዘበኛ የጣቢያው ማኅተም የለበትም ብሎ መልሶባታል። አሁን እኔ ጋ ታጥፎ ተቀምጧል። የሚያስገባውን ወረቀት እስኪጽፉልን ድረስ፣ ማታ የእርስዎን ሲገልጡ የእሳቸውን ያስታውሱ።